ያላለችውን ያስባልኳት ሴት

የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ እኛ ቤት የገባችው ኅዳር ላይ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ጎሮ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ ሻንጣው ደረጃውን እየመታ ሲወጣ ከሳሎን ይሰማ ነበር። በሩን ስከፍትላት አላለቀሰችም። ጥቂት ጊዜ እንድናስቀምጣት ጠየቀች፣ እናቴን ሳመች፣ ከዚያ ምሳ በልታ እንደሆነ ስጠይቃት መልስ ሳትሰጠኝ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

እናቷ መቀሌ ስለምትኖር፣ ለትምህርት ብላ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኔና ከእናቴ ጋር ነው ያደገችው። ታላቋ እኔ ነኝ። ፀጉሯን የጎነጎንኩላት፣ ዩኒፎርሟን የተኮስኩላት፣ ቦሌ መንገድ ላይ ካለ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ የመጀመሪያ ሥራዋን ስታገኝ አብሬያት ሄጄ ጫማ ያስመረጥኳት እኔ ነኝ። ስታገባም ከእናቷ እኩል አልቅሻለሁ። ባሏ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ፣ አትላስ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው፣ በሰው ፊት አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። ዘመድ ሁሉ ወዶት ነበር። እኔም ወድጄው ነበር።

"አይመታኝም እኮ" ትል ነበር፣ ለመውጣት በቂ ምክንያት የላትም እንዳይባል የፈራች ይመስል። የሚያደርገውን የነገረችኝ ቀስ በቀስ ነው። እንግዳ በተሰበሰበበት የተናገረችውን እየደገመ ያስቅባታል። ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ተቀብሎ አንድ በአንድ ያያል። ካመሸች ዘበኛው በር እንዳይከፍትላት ያዝዛል፤ ዘበኛው ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ ሁለቱም እያፈሩ፣ እሱ በቃ እስኪል ድረስ ይቆማሉ። በመጨረሻ ሥራውን ልቀቂ አላት። ሻንጣዋን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ከልቧ አዘነች። የእናቴ ሐዘን ግን መዳረሻው የታወቀ ነው። ወንድ ልጅ ይበርዳል፤ ቤት የሚቆመው በሴት ትዕግሥት ነው፤ የወጣች ሴት ደግሞ ሰው አፍ ውስጥ ትገባለች። እሷ ራሷ ከአባቴ ጋር ብዙ ችላ ኖራለች። አንዲት ወጣት ሻንጣዋን አንስታ ስትወጣ፣ የእሷ የዚያ ሁሉ ዓመት ትዕግሥት በከንቱ ነበር የተባለባት ይመስላታል ብዬ አስባለሁ። እኔ በዚያን ጊዜ ከአክስቴ ልጅ ጎን ነበርኩ። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ስቱዲዮአችን ኦሎምፒያ፣ ከሱቆችና ከቢሮዎች በላይ ያለ ጠባብ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ንግግሩን ተርጉሜ እጽፋለሁ፣ ድምፅ የሚሰጡት ልጆች ደግሞ ሄድፎን አድርገው ይናገሩታል። አስቸጋሪው ትርጉሙ ሳይሆን አፉ ነው። ሰውየው አፉን ሲከፍት ቃላችን መጀመር፣ ሲዘጋ ማለቅ አለበት። አንዳንዴ ለአንዲት አጭር ቃል ሙሉ ጠዋት አጠፋለሁ። ብዙውን ጊዜ ቤት ነው የምሠራው፤ ኮምፒውተሬ ያለው ደግሞ መኝታ ቤቴ ነው፤ እሷም የተኛችው እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ሰለቸኝ። አንድ ሳምንት ሁለት፣ ሁለትም ወር ሲሞላ፣ ልብሷ ወንበሬ ላይ፣ ሻንጣዋ በር ላይ፣ ስልኳ በጠራ ቁጥር ድንጋጤዋ ጆሮዬ ላይ። እኔ ስጽፍ እሷ አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ራሱ ይከብደኝ ጀመር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ በመጣበት ቀን ስታጥብ ሳይ እንኳን በውስጤ አጉረመርም ነበር። በአፌ ግን አንድም ቀን አላልኩም። "ቤትሽ ነው" እላት ነበር፤ ስለውም ደስ ይለኝ ነበር።

ለገና በዓል አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ የቆየ ፊልም እንድንተረጉም አዘዘን። የሠረገላ ዘመን ታሪክ ነው። ባለ ብዙ መሬት የሆነ አባት ሴት ልጁን ለጎረቤቱ ባለ ርስት ይድራል። የሚነጋገሩት ስለ ክብር ነው፤ የሚዋሃደው ግን መሬቱ ነው። በዚያ ቤት ወንዶቹ የንብረት ወሬ ሲጀምሩ ሴቶቹ ከገበታ ይነሳሉ። ሳህን የሰበረች ሠራተኛ ትባረራለች፤ በቁማር ብዙ ያጠፋ ወንድ ልጅ ግን ወጣት ነው ተብሎ ይታለፋል። ጨዋነት ማለት ጎረቤት የሚያየው ነገር ነው። ፊልሙ ማንንም አይሰብክም፤ ቀስ ብሎ ያሳያል እንጂ። አባትየውም ክፉ አይደለም፤ ልጁን ይወዳታል፤ የሚያውቀው ግን ያንኑ ብቻ ነው።

ልጅቷ ታገባለች። ባሏ ለብ ያለ፣ ሥርዓት የሚያውቅ፣ ቀን በቀን የሚያሳንሳት ሰው ነው። አንድ ቀን በእግሯ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ካህኑ ይመክሯታል፣ አክስቶቿ ይመክሯታል። በመጨረሻው ትዕይንት አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ባሏ የሚመልሳት ሠረገላ ያዘጋጅላታል። እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ጀርባዋ ለእኛ ሆኖ ትናገራለች። እኔ መጀመሪያ ስተረጉመው እንዲህ አልኩ፦ "አባቴ፣ ያሳደጉኝ እውነት እንድናገር ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ ወደዚያ ቤት አልመለስም።" ከዚያ ሠረገላውን ትታ በእግሯ ትሄዳለች፤ ፊልሙም ያልቃል።

አለቃችን ጽሑፉን አንብቦ ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ እሱን መውቀስ አልፈልግም። ጣቢያው በበዓል ቀን ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያየው ነገር እንደሚፈልግ፣ ከዚህ በፊት በአንድ ድራማ ምክንያት ትዳር ታፈርሳላችሁ ተብለው እንደተወቀሱ ነገረኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ንግግር ትንሽ እንዳለሰልሳት ጠየቀኝ። ትንሽ ነው ያለኝ። "አልመለስም" የሚለውን "አሁን አልችልም" ባደርገው ይበቃው ነበር።

ትዕይንቱን ደጋግሜ ሳየው ጀርባዋ ለእኛ መሆኑን አስተዋልኩ። ከንፈሯ አይታይም። ማንኛውም ነገር ይገባበታል። የምትሄድበት መንገድም ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም፤ ወደ ባሏ ቤትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያሳደጉኝ እንድታገሥ ነው። ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።"

ልክክ አለ። አለቃችን እየሳቀ ጨበጠኝ። ድምፅ የምትሰጠው ልጅ ብቻ ሄድፎኗን አውልቃ፣ ሴትየዋ በእርግጥ እንዲህ ብላ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። ጣቢያው የፈለገው ነው አልኳት። ጣቢያው ግን አልፈለገውም ነበር፤ ያን ያህል የሄድኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሄድኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ግማሹ የባለሙያ ኩራት ነው፤ ቀዳዳ አግኝቼ ስለሞላሁት ደስ አለኝ። ሌላው ግማሽ ምን እንደነበረ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ቤት ውስጥ አንዲት ወደ ቤቷ ያልተመለሰች ሴት እንደነበረች ግን አልረሳሁም ነበር።

የገና ዕለት ከምሳ በኋላ ሦስታችን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። እናቴ ጎረቤታችንንም ጠርታለች፤ ልጄ የተረጎመችው ነው እያለች ስትነግራት እኔ አቀርቅሬ ፈገግ አልኩ። እናቴ ፊልሙን እንደዚያ ትወደዋለች ብዬ አልጠበቅሁም። የሽማግሌውን አባት ግርማ፣ የሴቶቹን አለባበስ፣ ልጆቹ ለአባታቸው የሚነሱበትን አነሳስ አይታ "እነዚህ ፈረንጆች ድሮ እንደኛ ነበሩ እንዴ?" አለች። ባልየው ሚስቱን በእንግዳ ፊት ሲያሳፍራት ግን ሁላችንም የሚታየውን እያየን ሌላ ነገር እያየን ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጠች። "ወደ ቤቴ እመለሳለሁ" የሚለው ሲሰማ የአክስቴ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗን አንስታ እኔን አየችኝ። ረጅም አየችኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እጇን የአክስቴ ልጅ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

"አየሽ ልጄ" አለቻት። "ጨዋ ሴት እንዲህ ናት። በየትም አገር፣ በየትም ዘመን።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፦ እማዬ፣ ሴትየዋ እንዲህ አላለችም። ጎረቤታችን አጠገባችን ነበረች፤ ሥራዬን ስታደንቅ ቆይታለች። እናቴ እንደዚያ ኮርታ ሳያት ማሳፈሩ ከበደኝ። ተነሥቼ የተበላበትን ዕቃ ሰበሰብኩና ወደ ኩሽና ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ባልየው ሽማግሌ ላከ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የሠርጓ ዕለት የመረቃት ነው። እናቴ ተቀብላ አስተናገደች። ባልየው ማጥፋቱን እንደሚያምን፣ ሥራዋንም እንደማይነካባት ነገሩን። የአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ በሩን በተመለከተ። ዳግመኛ እንደማይዘጋባት ቃል ገቡላት። ወደ እኔ ዞር ብላ አንቺስ ምን ትያለሽ አለችኝ። እኔ ውሳኔው የእሷ እንደሆነ መለስኩ። ትክክለኛ መልስ ይመስላል። ማንም በዚህ መልስ አይወቅሰኝም።

ስትሄድ ሻንጣዋን እስከ ታች ተሸከምኩላት። ወደ ክፍሌ ስመለስ ወንበሬ ባዶ ነበር። ተቀመጥኩበትና በረጅሙ ተነፈስኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የማፍርበት በዚያች ትንፋሽ ነው።

የሆነው ብዙዎቻችሁ የምትገምቱት ነው። በሩ የተከፈተው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ሥራዋን ከፋሲካ በፊት አስለቀቃት። ስንደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ሆነ፤ ሰላምታው እንደ ማር ነው፤ እሷ ሁልጊዜ ወይ ተኝታለች ወይ መታጠቢያ ቤት ናት። አንድ ሁለቴ አትላስ ድረስ ሄጄ አየኋት። ከስታለች። ሻይ አቀረበችልኝ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀችኝ፣ ስለ ራሷ ግን ምንም አላለችኝም። እየተመለስኩ ሚኒባስ ውስጥ ገርጂን እስካልፍ ድረስ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አስብ ነበር። ደህና ናት አልኳት።

ክረምቱ ሲገባ ዳግመኛ ወጣች። በዚህ ጊዜ ወደ እኛ አልመጣችም። ወደ ቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ነው የሄደችው፤ ከደቡብ የመጣች፣ ጴንጤ የሆነች፣ እኛ ሠርግ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያየናት ልጅ። ያቺ ልጅ ከነሻንጣዋ ተቀብላ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ያለች ሴት አናግራ፣ ሰሚት አካባቢ አንድ ክፍል አስከራየቻት። እኛ የሰማነው ቆይተን ነው፤ ያውም ከመቀሌ፣ ከአክስቴ። እናቴ እንዴት ወደ ቤቷ አልመጣችም ብላ ተቀየመች። እኔ አልተቀየምኩም። ገብቶኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ክፍሏ ከግቢው ጓሮ ናት፤ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተዘረጋ ሻሽ። ወንበሩን ለእኔ ሰጥታ እሷ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ስለ ፊልሙ ጀመርኩ። ሴትየዋ አልመለስም እንዳለች፣ የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በዚያ ምክንያት ተመልሳ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ እንዳጣሁ ነገርኳት። ይቅርታ የሚሰጠኝ ይመስለኝ ነበር፤ ቢያንስ ትደነቃለች ብዬ ነበር።

አልተደነቀችም።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "አንቺ ስትተረጉሚው እኔ ከኋላሽ አልጋው ላይ ነበርኩ። አንቺ ሄድፎን አድርገሽ ነበር፤ እኔ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ አብሬሽ አየሁት። እስከ መጨረሻው።"

ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

"ያን ቀን ማታ ለራሴ ወስኜ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ሻሹ ላይ አድርጋ። "ወደዚያ ቤት ላልመለስ። ከዚያ በገና ቀን ሴትየዋ እመለሳለሁ ስትል ሰማሁ። ማን እንዳስባላት አወቅሁ። ስለዚህ ሂጂ ማለትሽ ነው ብዬ ሄድኩ።"

"እንደዚያ ማለቴ አልነበረም" አልኳት።

"እህቴ፣ ደክሞሽ ነበር። አይቼሻለሁ። ደክሞኛል ብትዪኝ ኖሮ ሌላ ቤት እፈልግ ነበር። ወደ እሱ አልመለስም ነበር።"

ያለችው ይህን ነው። አልጮኸችም፤ አላማረረችም። ከዚያ ተነሥታ ሻይ ጣደች። እኔ ለወራት የፊልም ጥፋት ተሸክሜ ነበር የሄድኩት፤ ስመለስ የያዝኩት ሌላ ነበር። ፊልሙን እንደ ምክንያት ይዤው ነበር፤ በእሱ በኩል ማልቀስ ይቀላል። ወንበሬን ፈልጌ እንደነበር ግን በማንኛውም ቋንቋ ቢተረጎም ያው ነው።

ሰኞ ለአለቃችን መጨረሻውን እንደገና እንቅረጸው ስል ጠየቅሁት። ፊልሙ አንዴ ተሸጧል፣ የተመልካች አስተያየትም ጥሩ ነው፣ ማን አስተዋለው አለኝ። ሁለት ሰው አስተውሎታል ልለው ፈልጌ ተውኩት። ፊልሙ አሁንም በበዓል በበዓል ይታያል፤ ሴትየዋም ጀርባዋን ሰጥታ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ለእናቴ የነገርኳት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ድንች እየላጠች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የፊልሙንም፣ የአክስቴ ልጅ ያለችኝንም። ትቆጣኛለች ብዬ የጠበቅሁት ሴትየዋ አልመለስም ማለቷን ስትሰማ ነበር። በእሱ አልተቆጣችም።

"እና እኔ አፌን ሞልቼ ስመክራት" አለችኝ፣ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ "አንቺ ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

አዎ አልኳት። በነጋታው ነጠላዋን ለብሳ፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ብቻዋን ሰሚት ሄደች። እዚያ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። የማውቀው እናቴ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ እንደነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ስለ ትዕግሥት ማንንም ስትመክር እንዳልሰማኋት ብቻ ነው። ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ከባሏ ተጣልታ መጥታ ስታለቅስ እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ "አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ይህን ጥያቄ በሕይወቷ ለማንም ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ፍቺው በፍርድ ቤት አለቀ። ቀጠሮዎቹ ላይ አብራት የሄደችው እናቴ ናት። አንዱንም ቀጠሮ ለእኔ አልነገሩኝም፤ እኔ ስቱዲዮ ሆኜ ሥራ ላይ ሳለሁ እነሱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ካለቀ በኋላ እናቴ በስልክ ነገረችኝ። የአክስቴ ልጅ አሁን ሌላ ቲኬት ቢሮ ገብታለች፤ ፊቷ ተመልሷል፤ ስትስቅ ድሮ እንደምታደርገው አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ለበዓል ትመጣለች፤ ትበላለች፤ ትጫወታለች። አድራ ግን አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ሰፋ ያለ ቤት አግኝታ ዕቃ ልታዛውር ነው፤ ሹፌር የማውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሹፌሩን ይዤ ራሴ ሄድኩ። ፍራሹን እሷ ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ይዘን አዲሱ ቤቷ ድረስ ሦስት ፎቅ ወጣን፤ መታጠፊያው ላይ ሲያጣብቀን ሳቅን። ሁሉም ከገባ በኋላ በር ድረስ ሸኘችኝ።

"አመሰግናለሁ፣ በጣም አስቸገርኩሽ" አለችኝ።

ለባዳ የሚባል ነገር ነው። እኔና እሷ እንዲህ ተባብለን አናውቅም። ምንም አይደል ብያት ወረድኩ፤ ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር።